ሐምራዊቷ ቢኤፍ-2 ከወራት በኋላ

የቦስ ኩባንያን ቢኤፍ-2 ፍላንጀር (የጊታር ድምፅ የሚያወዛውዝ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል) ሞክሮ «ምንም የላትም» የሚል ጊታሪስት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በምን ኃይል እንዳሠራት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ፔዳሏ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ምርቷ የቆመው ደግሞ በ2001። የኔዋ ከቀደሙት የጃፓን ሥሪቶች አንዷ ናት። ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው አዲስ አበባ የገባችው። ጠርዟ ላይ ሐምራዊው ቀለም ተፍቆ ብረቱ ይታያል። ሆዷ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ኤሲኤ» (ACA) የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉ። ያገለገለች ልትገዙ ከሆነ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ይህችን ጽሑፍ እዩ።

ለምን መሰላችሁ? ኤሲኤ የሚል ያለባቸው የተሠሩት 12 ቮልት ገደማ ለሚሰጥ የድሮ አዳፕተር ነው። ይህን ቮልት የሚቀንስ ሬዚስተርና ዳዮድ ውስጣቸው አለ። ዛሬ ሁላችንም ቤት ያለው 9 ቮልት አዳፕተር ሲሰካባቸው ከዚያችው ከ9ኙም ይቀንሳሉ። የፔዳሏ መብራት ይፈዛል፣ ድምጿም ይደክማል። ሰሚው «አርጅታለች» ብሎ ይደመድማል። ኧረ ርቧት ነው!

ቀላሉ መላ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ነው። ከፊት ያለውን ብሎን በጣት ፈታ አድርጋችሁ መርገጫውን ስታነሱት የድንጋዩን ቦታ ታገኙታላችሁ። መብራት ቢጠፋም ፔዳሏ ትሠራለች፤ አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) አብሮ ስለሚጠፋ ምን እንደሚጠቅም እንጃ እንጂ። እኔ ግን ከቱነሬ (ጊታር መቃኛ ፔዳሌ) ጋር በአንድ 9 ቮልት አዳፕተር አያይዣታለሁ። ቱነሩ አዲስ ሥሪት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በጊታር ገመዱ በኩል መመለሻ ያገኛል፣ ያንን ሬዚስተርም ሳይነካ ያልፈዋል። ያን ጊዜ መብራቷ ቦግ ይላል፣ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አብሯት ከአሜሪካ የሚመጣው የድሮ አዳፕተር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው 220 ነው። እንዳትሰኩት።

ወደ ድምጿ እንምጣ። ውስጧ ኤምኤን3207 የምትባል፣ የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ የሠራት ቺፕ አለች። የጊታሩ ድምፅ 1024 ደረጃዎችን እያለፈ ነው የሚወጣው፤ እሳት ለማጥፋት የተሰለፉ ሰዎች የውኃ ባልዲ እንደሚቀባበሉት። እዚያ ለጥቂት ሚሊሰከንድ የዘገየው ድምፅ ከዋናው ጋር ሲቀላቀል አንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል። መዘግየቱ በተለዋወጠ ቁጥር የጎደሉት ቦታዎች ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። ፍላንጀር ማለት ይኸው ነው።

ማዞሪያዎቿ አራት ናቸው፦ ማኑዋል (የመዘግየቱ መነሻ)፣ ዴፕዝ (የውዝዋዜው ስፋት)፣ ሬት (የውዝዋዜው ፍጥነት) እና ሬዞናንስ (የድምፁ ስለት)። መጀመሪያ የነካት ሁሉ አራቱንም እስከ ጥግ ያዞራል። የሚነሳ ጄት ድምፅ ይሰማል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዘፈን አይሆንም። እኔ ከብዙ መነካካት በኋላ የረጋሁት ሬት ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ዴፕዝ ግማሽ ላይ፣ ሬዞናንስ ሩብ ላይ ነው። በዚህ አቀማመጥ ቺክቺካ ስመታ ኮርዱ ያው ነው፣ እጄም ያው ነው፣ ድምፁ ግን ከዙር ዙር መልኩን ይቀይራል። ዘፋኙም ከበሮውም ሳይረበሹ ጊታሩ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ፔዳሏን የማልሸጣት ለዚህ ነው።

ትዝታ ላይ ግን አጠፋታለሁ። በነጠላ ኖታ እያንጎራጎርኩ ክሩን በጣቴ ስስበው ድምፁ አስቀድሞ እየተወዛወዘ ነው። እሷ የራሷን ውዝዋዜ ስትጨምርበት ቅኝቱ የላላ ይመስላል። ሬቱን ከፍ ካደረጋችሁማ ጭራሽ አይሞከርም።

ሳልጠብቀው የወደድኩት ደግሞ ዴፕዝን ዜሮ ላይ አድርጎ መጫወት ነው። እንቅስቃሴው ይቆማል፣ ድምፁ ግን እንደተጣራ ይቀራል። ማኑዋልን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ለአንድ ዘፈን የሚሆን ለየት ያለ የጊታር ቀለም ታገኛላችሁ። ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ካላችሁ ከፍላንጀሯ በፊት አስቀምጡት፤ ድምፁ በሃርሞኒክስ (በተደራቢ ድምፆች) ስለሚሞላ የምትሠራበት ብዙ ነገር ታገኛለች።

የምጠላው ሽሽታውን፣ ያንን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። በእንዲህ ያለ ቺፕ የሚሠራ ፔዳል ሁሉ ትንሽ «ሽሽ» ይላል፤ ይሄኛው ደግሞ ዝም ባላችሁበት ሰዓት ሽሽታው ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። ከባንድ ጋር ማንም ልብ አይለውም። ስቱዲዮ ውስጥ ግን በየእረፍቱ በእግር ማጥፋት የግድ ነው። ፔዳሏ ስትመጣ የሬት ማዞሪያዋ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ተስተካክሏል።

ሻጩ «የጃፓን ናት» ብሎ ዋጋ ከሰቀለባችሁ ብዙ አትከራከሩት። የኋለኞቹን የታይዋን ሥሪቶች፣ ሆዳቸው ላይ «ፒኤስኤ» (PSA) የሚል ያለባቸውን ፈልጉ። 9 ቮልቱን በቀጥታ ይቀበላሉ፣ የእኔን የቱነር ጣጣም አያስፈልጋቸውም።