ደሴ ውስጥ ቦታ ለምታስለኩ ሁሉ

ከጦሳ ሥር፣ ተዳፋቱ ላይ ያለውን የቤተሰባችንን ቦታ ለለካልን ቀያሽ ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረሰው። ቦታው አምስት ማዕዘን አለው፣ አንዱም ጎን ከሌላው አይመሳሰልም። ቀደም ሲል የመጣው ሰው ሜትሩን መሬት ለመሬት ጎትቶ «ከካርታው በላይ አንድ ሜትር ይዛችኋል» ብሎን ሄደ። ከታች ካሉት ጎረቤታችን ጋር የተኳረፍነው በዚህች አንድ ሜትር ነው።

ይህኛው አሮጌ ቴዎዶላይት፣ ማለትም በሦስት እግር የሚቆም የማዕዘን መለኪያ፣ ይዞ መጣ። ሁለቱን እግሮች ወደ ቁልቁል፣ አንዱን ወደ ዳገት ተከለና ቱንቢው የጥጉ ምልክት በሆነው ምስማር አናት ላይ እስኪያርፍ ታገለ። የውኃ ልኩን አረፋ በሁለቱ ብሎኖች መሀል አስገባ፤ መሣሪያውን 90 ዲግሪ አዙሮ በሦስተኛው ብሎን ደገመው። ከዚያ ተመልሶ ቱንቢውን አየ፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይሸሻልና። ጎረቤታችን «ኧረ ልጄ፣ መቼ ልትለካ ነው?» አሉት። «አባባ፣ መሣሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከሳተ፣ 20 ሜትር ላይ ያለ ምልክት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ያሳስተኛል» አላቸው። የማዕዘን ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ማለቱ ነው፤ እርሳቸው ግን ሰዓታቸውን አዩ።

እያንዳንዱን ማዕዘን ከለካ በኋላ የመሣሪያውን መነጽር ገልብጦ ደግሞ ለካ፣ አማካዩንም ወሰደ። የመሣሪያው የራሱ መዛባት የሚጣፋው እንዲህ ነው። ልጅ ጥጉ ላይ የሚይዝለት የምልክት ዘንግ ዘመም ሊል ስለሚችል፣ ቀያሹ የሚያነጣጥረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ሳይሆን በሥሩ ላይ ነው። የአምስት ማዕዘን ድምር 540 ዲግሪ መሆን አለበት። መጀመሪያ 4 ደቂቃ ሲተርፍ ችካል አልነካም አለ፤ ጥግ ለጥግ እየዞረ ደገመው። ሁለተኛው ድምር በ40 ሴኮንድ ብቻ በለጠ፤ ለዚህ መሣሪያ ይበቃል ብሎ ከእያንዳንዱ ማዕዘን 8 ሴኮንድ ቀነሰ።

ክርክሩን የዘጋው ግን የቁልቁለቱ ማዕዘን ነው። ካርታ የሚያውቀው አግድም ርቀትን ነው፤ በ15 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 30 ሜትር የተነበበ ርቀት አግድም ሲሰላ 29 ሜትር እንኳ አይሞላም። ትርፍ የተባለችው ሜትር መጀመሪያውኑ አልነበረችም። ስሌቱን ጎረቤታችን ፊት በእርሳስ ሠርቶ አሳየ፣ ወረቀቱንም ለእርሳቸው ተወላቸው።

እንከን አውጣ ካላችሁኝ፣ ቀርፋፋ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ አይደለም። የእርሱ ልኬት የማዘጋጃ ቤትን ማረጋገጫ እንደማይተካ ገና ሳይጀምር ይነግራችኋል። ስሙ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል።