ታጣፊ ላፕቶፕ ላይ የትኛውን ሊኑክስ እንጫን? ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ኬዲኢ ወይስ ሚንት

የእህቴ ልጅ ፋርማሲ ትማራለች፣ ሁለተኛ ዓመት። ያገለገሉ ላፕቶፖች ከሚሸጥ ሱቅ ቲንክፓድ ዮጋ 370 ገዛንላት። ስክሪኑ ወደ ኋላ ይገለበጥና ታብሌት ይሆናል። እስክሪብቶውም ከጎኑ ተሰክቶ ይቀመጣል። ዋጋው ደህና ነበር። ለምን ደህና እንደሆነ የገባን ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ባለሱቁ ይህን አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ዊንዶውስን የሚተካው ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሆነ። ኡቡንቱን፣ ፌዶራን፣ ኬዲኢንና ሊኑክስ ሚንትን በየተራ ፍላሽ ላይ እየጫንኩ ሁለት ሳምንት ስሞክር ከረምኩ። እንዲህ ያለ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ እጠፉት

ተራ ላፕቶፕ ቢሆን ከአራቱ የትኛውንም ብትጭኑ አትቸገሩም። ታጣፊ ላይ ግን ልዩነቱ የሚወጣው ማሽኑን ስታጥፉት ነው። ያኔ ምስሉ አብሮ መዞር አለበት። ከስር የቀረው ኪቦርድ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ማሽኑን በያዛችሁት ቁጥር ጣታችሁ አንዱን ቁልፍ እየነካ ስላይዱን ያገላብጠዋል። የሚጻፍበት ቦታ ስትነኩ ደግሞ የስክሪን ኪቦርድ ብቅ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚሳካ በአብዛኛው የሚወስነው ዴስክቶፑ ነው፣ ማለትም መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየው ክፍል (ኬዲኢም ራሱን የቻለ ሲስተም ሳይሆን ዴስክቶፕ ነው)፤ ጂኖም ነው፣ ኬዲኢ ፕላዝማ ነው ወይስ ሲናመን? የሲስተሙን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ኡቡንቱና ፌዶራ

ሁለቱም ይዘው የሚመጡት ጂኖምን ነው፣ ምስሉን ስክሪኑ ላይ በሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት በዌይላንድ ላይ። ስታጥፉት ይዞራል፣ ኪቦርዱም ብቅ ይላል። አልወጣ ካለ ከስክሪኑ የታች ጠርዝ በጣት ወደ ላይ መሳብ ነው። ሦስት ጣት አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትስቡ የተከፈቱት መስኮቶች በሙሉ ፊታችሁ ይደረደራሉ። ወደ ጎን ስትስቡ ደግሞ ሌላ የሥራ ገጽ ይመጣል። የእህቴ ልጅ ይህን ማንም ሳያሳያት፣ ሶፋ ላይ ተጋድማ ለመደችው።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በዳታ አበላላቸው። ፌዶራ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ አንዱ እትም የሚደገፈው ግን ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሲስተሙን በሙሉ ወደ አዲሱ ማሳደግ ግድ ነው። በመሃሉም ማሻሻያ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ዶርም ውስጥ በስልክ ሆትስፖት ለሚኖር ልጅ ይህ ፓኬጅ መጨረስ ነው። በሌላ በኩል አዲስ ከርነል (ሲስተሙን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያገናኘው እምብርት) ቶሎ ስለሚደርሰው፣ አዲስ የወጣ ላፕቶፕ ላይ ሴንሰሩንና እስክሪብቶውን የማወቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ዘንድሮ የተመረተ ማሽን ከላከላችሁና ቤት ዋይፋይ ካለ ፌዶራን ጫኑ።

ኡቡንቱ 24.04 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይደገፋል። ኡቡንቱ ፕሮ ላይ ከተመዘገባችሁ ወደ 10 ዓመት ይረዝማል፤ ለግል መጠቀሚያ እስከ 5 ማሽን በነፃ ነው። ተማሪ በፈተና ሰሞን ከሲስተም ማሳደግ ጋር መታገል የለበትም። ለእኛ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ኡቡንቱም እንከን አያጣም። ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማሸጊያ ነው፤ መጀመሪያ ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ስናፕ ደግሞ ሳይጠይቅ ከጀርባ ራሱን ያሻሽላል። በአንድ ትእዛዝ ማስቆም ይቻላል፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ማውረጃ ፋይሉም ትልቅ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ ፌዶራ 2 ጊጋ ተኩል አካባቢ ነው፣ ሚንት 3 ጊጋ አይሞላም። የኡቡንቱን ፋይል የጫነ ጓደኛ ካላችሁ በፍላሽ ተቀበሉት።

ኬዲኢ እና የአማርኛው ወጥመድ

ልቤን የወሰደው ኬዲኢ ነበር። ስታጥፉት አዝራሮቹና ምናሌዎቹ ለጣት እንዲመቹ ሰፋ ሰፋ ይላሉ። ለእስክሪብቶ ራሱን የቻለ ቅንብር አለው፤ ቁልፎቹ ምን እንዲሠሩ፣ የትኛው ስክሪን ላይ እንዲጽፍ እዚያው ታስተካክላላችሁ። መሞከር ከፈለጋችሁ በፌዶራ ኬዲኢ በኩል ሞክሩት። ኬዲኢ ያለው ኡቡንቱ፣ ኩቡንቱ 24.04፣ የቆየውን ፕላዝማ 5.27 ይዞ፣ ራሱን ከተዋችሁት ከዌይላንድ በፊት በነበረው በአሮጌው ኤክስ11 ነው የሚነሳው።

ታዲያ ለምን አልጫንኩላትም? በአማርኛ የተነሳ። ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የተለመደው መንገድ አይባስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። «ሴራ» የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ትጨምሩበትና ቃሉን እንደሚሰማው በላቲን ቁልፎች ትመቱታላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ፊደል ሆኖ ይወጣል። በዌይላንድ ያለው ኬዲኢ ግን ቅንብሩ ውስጥ አንድ ምርጫ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፦ ወይ ማሊት የሚባለውን የስክሪን ኪቦርድ፣ ወይ አይባስን። ማሊትን ስትመርጡ አማርኛው ይቀራል። አይባስን ስትመርጡ ማሽኑን አጥፋችሁ ስክሪኑን ብትነኩት ኪቦርድ አይወጣም። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ቀልድ አይደለም።

ጂኖም ላይ ሁለቱ አይጣሉም። ኡቡንቱ ላይ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል መጫን፣ ወጥቶ መግባት፣ ከዚያ ከኪቦርድ ቅንብር አማርኛን መጨመር ነው።

ሚንት

ሚንትን የምወደው ለሌላ ሰው ነው። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ምኑም እንግዳ አይሆንበትም፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይም አይንገዳገድም። ጂኖም ግን በ4 ጊጋ ይጨነቃል፣ 8 ይፈልጋል። ነገር ግን የሚንት ዴስክቶፕ፣ ሲናመን፣ ዛሬም በዋናነት የሚሠራው በኤክስ11 ነው፣ ዌይላንዱ ገና በሙከራ ላይ ነው። የስክሪን ኪቦርዱን ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። በወር አንዴ ፊልም ለማየት ብቻ የምታጥፉት ከሆነ ሚንት ይበቃችኋል።

እስክሪብቶው

ታጣፊ የተገዛው ለዚህ ነውና ትንሽ ልቆይበት። መምህሩ ስላይዱን በፒዲኤፍ ይልካል። ዙርናል++ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትከፍተዋለች፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ትጽፋለች፣ የመድኃኒቱን ስም ታከብባለች፣ ቀስት ታወጣለች። ጫን ስታደርገው መስመሩ ይወፍራል። መጀመሪያ ላይ መዳፏ ስክሪኑን በነካ ቁጥር ገጹ ላይ ጭረት ይወጣ ነበር። ቅንብሩ ውስጥ በጣት መሳልን ስናጠፋው ጣት ገጽ ማንሸራተቻ ብቻ ሆነ፣ ጭረቱም ቀረ። አርኖት የሚባል ሌላም አለ፤ ለባዶ ሰሌዳ ያምራል፣ ለስላይድ ግን ዙርናል++ን ትመርጣለች። አራቱም ሲስተሞች ላይ ሁለቱንም መጫን ይቻላል።

አርክቴክቸር ወይም ሲቪል ለሚማር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አውቶካድና ሬቪት የሊኑክስ እትም የላቸውም። እንደዚያ ከሆነ ከመጀመሪያው ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ማሽን ፈልጉ፣ ሊኑክሱን ከጎኑ ትጭኑታላችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ

ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሂዱ። ሲነሳ «ሞክር» የሚለውን ከመረጣችሁ ማሽኑ ላይ ምንም ሳይነካ ከፍላሹ ይሠራል። ዋይፋዩን አብሩ። ስክሪኑን እጠፉት፣ መዞሩን እዩ። ታጥፎ እያለ የስሩን ኪቦርድ ተጫኑ፣ ምንም መጻፍ የለበትም። በእስክሪብቶው ከአራቱም ማዕዘን እስከ መሃል ረጅም መስመር አስምሩ፤ ተቆርጦ የሚዘለል ቦታ ካለ ስክሪኑ ተጎድቷል ማለት ነው። የጣት አሻራውንም ሞክሩ። ሊኑክስ የማያውቃቸው የአሻራ ማንበቢያዎች ብዙ ናቸው፣ የእሷም አይሠራም፤ የይለፍ ቃሏን ትጽፋለች። ባለሱቁ ፍላሽ አይሰካም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።