የፖም ችግኝ ልትገዙ ነው? ከፍሬው ስም በፊት ከፍታችሁንና የታችኛውን ግንድ እዩ

ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ ፖም ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት የፍሬውን ስም ነው። «አና አለ፣ ግራኒ አለ፣ ጎልደን አለ።» ቀዩን ወይም አረንጓዴውን መርጣችሁ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ስለ ታችኛው ግንድ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

የተዳቀለ የፖም ችግኝ ግን አንዱ በሌላው ላይ የተጋጠመ ሁለት ዛፍ ነው። ከላይ ያለው የምትበሉትን ፍሬ ይሰጣል። ከታች ያለው፣ ባለሙያዎቹ ሩትስቶክ የሚሉት፣ ዛፉ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ በስንት ዓመቱ እንደሚያፈራ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚጠግብ መሬት ይችል እንደሆነ ይወስናል። የኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የቦታው ከፍታ፣ ቀጥሎ አፈሩና የታችኛው ግንድ፣ የፍሬው ቀለም በመጨረሻ።

ከዘር ማብቀልን የምታስቡ ካላችሁ ቶሎ ልለፈው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ፖም ዘሩ ይበቅላል፣ ያድጋልም። ነገር ግን እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ያፈራው ጎምዛዛ ቢሆን ማንን ትከሳላችሁ? የተዳቀለ ግዙ።

ከፍታ፦ አና እና ዶርሴት ወይስ ግራኒ እና ጎልደን?

ፖም ብርድ ይፈልጋል። ለጥቂት ሳምንታት ተኝቶ፣ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታትን ቆጥሮ ነው በደንብ የሚያብበው። ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። የምርጫው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል።

አና የተገኘችው ሞቃት አገር ላይ ነው። እስራኤል ውስጥ በዓይን ሼመር ኪቡጽ አባ ስታይን የተባለ አዳቃይ ያወጣት ናት፤ ከ200 እስከ 300 የብርድ ሰዓት ይበቃታል። ዶርሴት ጎልደን ከዚህም ያነሰ ይጠይቃል። ባሃማስ ደሴት ናሳው ላይ፣ ብርድ በማያውቅ አገር፣ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ የተገኘ ዛፍ ነው። ግራኒ ስሚዝ በአውስትራሊያ ሲድኒ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1868 ማሪያ አን ስሚዝ ያገኘችው አረንጓዴ ፖም ሲሆን በብዛት ከ400 እስከ 600 ሰዓት ይባልለታል። የአሜሪካው ጎልደን ዴሊሽየስ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ወደ እኛ ስናመጣው ምን ማለት ነው? አዲስ አበባና መሰል ከፍታ ላይ ያላችሁ፣ አና እና ዶርሴትን ያዙ። ሌላውን ለመሞከር አትቸኩሉ። ጨንቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ የጎጃም ደጋዎች፣ በግምት ከ2,600 ሜትር በላይ ያላችሁ ደግሞ ግራኒንም ጎልደንንም መድፈር ትችላላችሁ። ጨንቻ የፖም አገር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ችግኝ ሲያመጡ የጋሞ ደጋ ብርድ ተቀበለው። ቆላ ያላችሁ? ማንጎ ትከሉ። ቆላ ላይ ፖም የሚሸጥላችሁ ሰው ቅጠል ነው የሚሸጥላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጮች ብዙም አያነሱትም። የእኛ ደጋ ብርድ አለው እንጂ እንደ አውሮፓ ያለ ረጅም በረዷማ ወቅት የለውም። ዛፉ ቅጠሉን በራሱ አያራግፍም፤ ግማሹ የቅርንጫፍ ዓይን (እምቡጥ) ሲያብብ ግማሹ ይተኛል። ስለዚህ ጨንቻ ላይ ገበሬው ፍሬውን ካነሳ በኋላ ቅጠሉን በእጁ ያራግፈዋል። ያኔ ዓይኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይነቃሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባቱ የሚባል ደጋ ላይም በዚሁ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ግራኒ ወይም ጎልደን የምትገዙ ከሆነ ይህን ሥራ ከአሁኑ ተቀበሉት። አና ላይ ግን ባታራግፉም ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ።

ጣዕምና ማከማቸትስ? እዚህ ላይ ግራኒ ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ለወራት ይቆያል፤ ለገበያ የሚያመርት ሰው ዋጋ እስኪወጣ ሊጠብቅበት ይችላል። አና ከዛፍ ሲወርድ ጥርት ያለ፣ ጭማቂ ያለው፣ ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ቶሎ ይለሰልሳል። ዶርሴት ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ በጉዞ ይጠቁራል። ጎልደን ጣዕሙ ማር ነው፤ ደረቅ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ግን ቆዳው ይጨማደዳል። ለቤት ከሆነ አናን አልንቅም። በጭነት መኪና ለሚላክ ግን አልመርጣትም።

አንድ ዛፍ ብቻ አትግዙ

ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ የለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ፖም የሌላ ዓይነት ፖም የአበባ ብናኝ ይፈልጋል። ሁለት አና ጎን ለጎን ብትተክሉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አና እና ዶርሴት ግን በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ጥሩ ጥንድ ናቸው። ግራኒ እና ጎልደንም እንዲሁ ይረዳዳሉ።

ጆናጎልድና ክሪስፒን የሚባሉ የፖም ዓይነቶች ሲቀርቡላችሁ ተጠንቀቁ። ፍሬያቸው ትልቅና የሚያምር ነው፤ ብናኛቸው ግን ለሌላው አይሆንም። እነሱን የፈለገ ሰው ሌሎች ሁለት ዓይነቶች አብሮ መትከል አለበት፤ አለዚያ የሚረዳቸው ዛፍ ራሱ ረዳት ያጣል። ለትንሽ ግቢ ይሄ ጣጣ ነው።

የታችኛው ግንድ፦ ኤም 9፣ ኤምኤም 106፣ ኤምኤም 111

ስማቸው የመኪና ሞዴል ይመስላል። የመጡት ከእንግሊዝ፣ ከኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ ነው። ሁለቱ ኤምኤሞች ኖርዘርን ስፓይ ከሚባል የአሜሪካ ፖም ደም አላቸው። ያ ዛፍ የተፈለገው ጥጥ የሚለብሰውን የፖም ክሽክሽ፣ ማለትም የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ ስለሚቋቋም ነው።

ኤም 9 ድንክ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይቆማል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያፈራል፣ ፍሬውን መሬት ላይ ቆማችሁ ትለቅማላችሁ። ለሻጭ ከዚህ የሚመች ማስታወቂያ የለም። ግን ሥሩ ጥልቀት የለውም፣ ይሰበራልም። ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። በጋ ላይ ውሃ ካጣ ይጎዳል፣ ጥጥ ለባሹ ክሽክሽም ይበረታበታል። ቧንቧ ውሃ ያለው ትንሽ ግቢ ካላችሁ እሺ። ገጠር ላይ ዝናብ ጠብቆ ለሚኖር ማሳ ግን አልመክረውም።

ኤምኤም 106 መካከለኛ ነው። ከተገረዘ አራት ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል፤ ክሽክሹን ይቋቋማል። ድክመቱ አንድ ነው፤ ያም ከባድ ነው፦ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ከአፈር ጋር የሚገናኝበት ቅርፊት ይበሰብሳል። መረሬ አፈር፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ የሚቋጥር መሬት ያላችሁ ይህን አትግዙ። መግዛታችሁ የግድ ከሆነ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉት።

ኤምኤም 111 ትልቅ ዛፍ ነው፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ለማፍራት ከ106 ይዘገያል፣ ቦታም ይወስዳል፤ በዛፎች መካከል ከአራት እስከ አምስት ሜትር ተዉለት። በምላሹ ድርቅ ይችላል፣ የግንዱ መበስበስም ከ106 ያነሰ ያስቸግረዋል፣ ክሽክሹንም ይቋቋማል። አፈሩን በደንብ የማያውቅ ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ 111 ነው የምለው። ዘግይቶ የሚያፈራ ዛፍ በአራተኛው ዓመት ከሚሞት ይሻላል።

ሻጩ የታችኛው ግንድ ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ሌላ ጣቢያ ሂዱ። ጥያቄው ነውር አይደለም።

ችግኙን አንሥታችሁ እዩት

ከሥር ጀምሩ። ሥሩ ላይ ወይም ግንዱ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ድንች ያለ እባጭ ካለ ተዉት። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ አይድንም፣ አፈራችሁ ውስጥም ይቀራል። በፕላስቲክ ከረጢት ያለ ችግኝ ከሆነ ሥሩ ክብ እየሠራ አለመታነቁን እዩ። ሻጩ ከረጢቱን ገልጦ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ የሚደብቀው አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ የተዳቀለበት ቦታ። ከአፈር 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ ትንሽ ጎብጦ ይታያል። ስንጥቅ የሌለው፣ በደንብ የተጋጠመ መሆን አለበት። የታሰረበት ፕላስቲክ ግንዱን እያነቀው ከሆነ ጠባሳው ለዓመታት ይቀራል። ከሁሉ በላይ ይህን አረጋግጡ፦ አረንጓዴው ቅጠል የሚወጣው ከመጋጠሚያው በላይ ነው ወይስ በታች? የላይኛው ደርቆ የታችኛው ብቻ አቆጥቁጦ ከሆነ፣ የገዛችሁት አና ሳይሆን ሩትስቶክ ነው። ቅጠሉ ፖም ስለሚመስል ያታልላል።

አሁን ቅጠሉ። ሁለት የሻጋታ በሽታዎችን ሰው ሁልጊዜ ያምታታቸዋል፣ መድኃኒታቸውም ጊዜያቸውም ይለያያል። እከክ፣ ስካብ የሚባለው፣ የክረምት በሽታ ነው። ቅጠሉ ግማሽ ቀን ያህል ርጥብ ሆኖ ከቆየ ይይዛል። ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ዳሩ የደበዘዘ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ፍሬው ላይ ሲደርስ ቡሽ ይመስልና ይሰነጠቃል። ዱቄት መሳዩ ሻጋታ ደግሞ ርጥብ ቅጠል አያስፈልገውም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ይበረታል። የቅርንጫፉ ጫፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ቅጠሉ ጠቦ ይጠቀለላል። ግራኒ ለዚህ ለሁለተኛው በጣም ይጋለጣል። ስለዚህ ግራኒ ስትገዙ ጫፉን በደንብ እዩ፤ ነጭ ጫፍ ያለውን አትውሰዱ። ከተከላችሁ በኋላ ከታየ የታመመውን ጫፍ ከጤነኛው ክፍል ጨምራችሁ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። ለእከክ ግን ዋናው ሥራ የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማስወገድ ነው፤ በሽታው የሚከርመው እዚያ ውስጥ ነውና። ውሃም ከላይ አትርጩ፣ ከሥር አጠጡ።

ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ በጣታችሁ ጨፍልቁት። ቀይ ካቀለመ ጥጥ ለባሹ ክሽክሽ ነው። ግንዱ ላይ የሰመጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ዙሪያውን ያበጠ ቁስል ካለም ችግኙን መልሱ።

ትልልቅ ዛፍ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ቅጠሉ ያለ ወቅቱ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ ወደ ላይ አትመልከቱ። ከአፈሩ ጋር የሚገናኘውን ቅርፊት በቢላ ትንሽ ፋቁ። ውስጡ ቡናማና ርጥብ ከሆነ ያ ከላይ ያልኩት የ106 ጣጣ ነው። በቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት እዚህ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አፈሩን ከግንዱ አርቁ፣ የቆመውን ውሃ አስወጡ።

መግዛት ወይስ ራስ ማዳቀል?

ለአንድ ሁለት ዛፍ ግዙ። ለሠላሳ ዛፍ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ያኔ ሩትስቶኩን ብቻ ገዝቶ ራስ ማዳቀል ያዋጣል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ንጽሕና ግን ይወዳል። ዛፉ ባረፈበት ብርዳማ ወቅት ከጤነኛ እናት ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ትቆርጣላችሁ። ቅርንጫፉንም ሩትስቶኩንም በስለት በሰያፍ ቆርጣችሁ፣ በሁለቱም ላይ እርስ በርስ የሚገባ ምላስ መሰል ስንጥቅ አውጥታችሁ ታጋጥማላችሁ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ጎን ካልተገናኘ አይዝም። አጥብቃችሁ በፕላስቲክ ትጠቀልላላችሁ። በየዛፉ መካከል ቢላውን በአልኮል ጥረጉ። እናት ዛፉ ከታመመ ሕመሙን አብራችሁ ነው የምታባዙት፤ ከጎረቤት በነጻ የተገኘ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስከፍላል።

ገዝታችሁም ሆነ አዳቅላችሁ ስትተክሉ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና ለድንክነት የከፈላችሁበት ዛፍ ግዙፍ ይሆናል። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውንም ሁሉ ንቀሉ።

ቦታ ለአንድ ዛፍ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አንድ መላ አለ። አና በ111 ላይ የተዳቀለ ግዙ፤ ሲጠነክር ከጎኑ አንዱን ቅርንጫፍ በዶርሴት አዳቅሉት። ያ ቅርንጫፍ ሁለተኛውን ዛፍ ይተካል። መለያ ክር እሰሩበት፤ በመግረዝ ጊዜ በስህተት የሚቆረጠው እሱ ነው።