የስኳር መለኪያው ርካሽ ነው፣ ስትሪፑ ግን...
ደሴ ፒያሳ የስኳር መለኪያ ልትገዙ ከሆነ ቀድማችሁ የስትሪፑን፣ ማለትም ደም የሚነካበትንና አንዴ ብቻ የሚያገለግለውን ቁራጭ፣ ዋጋ ጠይቁ። ማሽኑ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ስትሪፑ ነው። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚውጡ አዛውንትም፣ መድኃኒቱ ስኳርን ከ70 (mg/dL) በታች ሊያወርድ ስለሚችል፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ወዲያው መለካት አለባቸው። ሜትፎርሚን የተባለውን ሌላ የስኳር ክኒን ብቻ ለሚወስድና ስኳሩ ለተረጋጋ ሰው ግን በየቀኑ ጣት መውጋት ጥቅሙ ትንሽ እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። ገንዘቡ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ለሚሠራው ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን 2–3 ወራት አማካይ ስኳር ለሚያሳየው የደም) ምርመራ ቢውል ይሻላል።

ስትሪፕ ከብልቃጡ ወጥቶ በፍሬ ሲሸጥ ካያችሁ አትግዙ፤ እርጥበት ያበላሸዋል፣ የኮምቦልቻ ሙቀትም አይምረውም። ብርቱካን ልጦ ሳይታጠቡ መለካትማ፣ 110 የነበረውን 200 ሊያስብለው ይችላል።