«ማመልከቻ እንጽፋለን»፦ ቱሉ ዲምቱ ስላለችው የጋሼ ሱቅ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን።» ሌላ ስም የላትም። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ጋ» ነው የሚላት። ሰው ስለበላበት ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለገዛው ስልክ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ስለዚህች ሱቅ ልጻፍ። ለእኔ ያደረገችልኝን ሌላ ማንም አላደረገልኝምና።

መጀመሪያ እዚያ ምን እንዳደረሰኝ ልንገራችሁ።

በአቃቂ በኩል ባለ አንድ ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ ችሎት ላይ ነው። ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ። የገባሁት ታህሳስ 2006 ነው። ያኔ ትንሿ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት። ጥር 14 ቀን 2017 ጠዋት ዘጠኛችንን ጠርተው «አዲስ ማሽን ገብቷል፣ ቅነሳ ነው» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ነው የወጣሁት።

ማሽን መግባቱን አልቃወምም። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤና የስንብት ክፍያዬን ልጠይቅ ብሄድ ደጅ መጥናት ተጀመረ። አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ሌላ ቀን «ፊርማ ይቀረዋል።» ሌላ ቀን «ሲስተም የለም።» ሁሉም የሚያልቀው ግን በአንድ ቃል ነው፦ «ነገ ነይ።» ይህን የሚለኝ የአስተዳደሩ ልጅ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አይበልጥም። አንቺ ይለኛል። አንገቱን ከስልኩ ቀና ሳያደርግ ነው የሚለኝ። የበሩ ጥበቃ ስንት በዓል ቡና አብረን የጠጣን ሰው ነው፤ እሱም በመጨረሻ እኔን ማየት እያፈረ «እኔ ምን ላድርግ እህቴ» ይለኝ ጀመር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብኝ። የታክሲውን ሂሳብ መቁጠር ትቼው ነበር።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤው ወጣ። ሳነበው እግሬ ከዳኝ። «ከታህሳስ 2010 ጀምሮ በጽዳት ሥራ» ይላል። 11 ዓመቴ 7 ሆነ። ጽዳት ክቡር ሥራ ነው፤ እናቴ ጽዳት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ጽዳት ሠርቼ አላውቅም። የማሸጊያ ማሽን ላይ ነበርኩ። የግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ ማሽኑ የተወልኝ ጠባሳ አለ። አዲስ የሚገቡትን ልጆች ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። «የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ጊዜያዊ ስለነበርሽ አይቆጠሩም» አለኝ ልጁ። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። 10,800 ብር ተቀብዬ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብዬ እንድፈርም ነው። እንደ ሸንኮራ መጥጠው ሲያበቁ ጭማቂው አልነበረም ሊሉኝ ነው። ቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር፤ ልፈርም እጄን ዘርግቼም ነበር። ለምን እንዳልፈረምኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ብቻ «አስቤበት ልምጣ» ብዬ ወጣሁ።

የእድራችን ጸሐፊ ናት «ጋሼ ጋ ሂጂ» ያለችኝ።

ግንቦት 12 ቀን ጠዋት ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከሦስት ሰው በላይ አይዝም። የቀረነው በር ላይ ቆምን። ጋሼ ዕድሜያቸው ሰባን የሚጠጋ ይመስለኛል። ለረጅም ዓመታት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ከእኔ ፊት አንድ ጎረምሳ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። የልደት ካርዱ ላይ የአባቱ ስም ተሳስቶበት መጥቷል። ጋሼ «ይቀመጡ፣ ምን ነበር ጉዳይዎ?» አሉት። አንቱ ነው ያሉት። ልጁ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ አየ። በኋላ እንዳስተዋልኩት ለሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም። አራት ወር ሙሉ አንቺ ስባል ከርሜ «እርስዎስ እመቤት?» ሲሉኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እንደ ድሮ ራፖር (ማመልከቻ) ጸሐፊ ታሪኬን አዳምጠው ወዲያው ይጽፋሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀን ነው። «መቼ ነው የወጡት?» ጥር 14 አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «118 ቀን» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታቸው አስፈራኝ።

ከመሳቢያቸው አንድ ነጋሪት ጋዜጣ አወጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቋል። በግራ ያለውን አማርኛ በእርሳስ እያሳዩ አስረዱኝ። ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብዬ መክሰስ የምችለው በሦስት ወር ውስጥ ነበር። እሱ ሚያዝያ 14 ላይ አልፏል። ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። «62 ቀን ይቀርዎታል» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው «ነገ ነይ» ምን እንደሆነ የገባኝ። እኔ የማጣው የታክሲ ብር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ በየቀኑ መብቴ እየተቆረጠ ነበር። ያ ልጅ ይህን አውቆት ይሁን ሳያውቅ አልፈርድበትም። ግን ሦስት ወር ሙሉ በትዕግሥት መመላለሴ፣ ሰው አክብሬ መጠበቄ፣ ወደ ሥራዬ የምመለስበትን በር ዘጋብኝ። ይህን የምታነቡ ከሥራ የተባረራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቀኑን ቁጠሩ። ሦስት ወርና ስድስት ወር። «ነገ ና» የሚላችሁ ሰው ቀኑን አይቆጥርላችሁም።

ከዚያ «ማስረጃ ምን አለ?» አሉኝ። አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዤ ነበር። መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የድሮ የደሞዝ ቁራጮች፣ የልጆች የትምህርት ቤት ደረሰኝ ሁሉ ተደባልቋል። አፍሬ «ይቅርታ ጋሼ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነው» አልኩ። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጠረጴዛቸውን ጠረጉ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በዓመት በዓመት ደረደሩ፤ ንፋስ እንዳይወስዳቸው በስቴፕለሩ፣ በሻይ ብርጭቆው፣ በቁልፋቸው እየጫኑ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከኋላ የቆመ ሰውዬ ማጉረምረም ጀመረ። «የእርስዎንም እንዲሁ ነው የምሠራልዎት» አሉት፤ ዝም አለ።

ከመሃል አንዲት ጣት የምታህል ቁራጭ አነሱ። ቀለሟ ደብዝዟል። ወደ አምፖሉ አስጠጓት። ታህሳስ 2006 የሚል የደሞዝ ቁራጭ ናት። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ደሞዝ 700፣ ጡረታ 49። ጋሼ በእርሳሳቸው 49ኙን ከበቡት። «ይቺን አዩ? ሰባት በመቶ ነው። ገና በገቡበት ወር ጡረታ ቆርጠውብዎታል። እነሱም ከራሳቸው መጨመር ነበረባቸው። ታዲያ ጡረታ የሚቆረጥበት ሰው እንዴት ነው ሠራተኛ ያልነበረው?»

ቁራጯን ለምን እንዳስቀመጥኳት አላውቅም። የመጀመሪያ ደሞዜ ስለሆነች ይሆናል። አራት ዓመቴ ግን እሷ ላይ ቆሞ ነበር።

ሂሳቡን በጀርባ ወረቀት ሠሩልኝ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። የመጨረሻ ደሞዜ 3,600 ነበር። 3,600 ሲደመር አሥር ጊዜ 1,200፣ 15,600 ይመጣል። ፋብሪካው ያለው በ7 ዓመት የተሠላ ነው፤ ለዚህ ነው 10,800 የሆነው። በዚያ ላይ ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደሞዝ ለብቻው አለ፤ 7,200። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያልወሰድኩትን የዓመት ዕረፍትም አስገቡልኝ።

አሁን ስለ ጽሑፉ። ብዙ ቦታ ማመልከቻ ሲጻፍ አይቻለሁ። «በከፍተኛ አክብሮት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ» የሚል ነው። የቤት ኪራይ፣ ልጅ፣ በሽታ ይደረደርበታል። እኔም እንባዬን ይዤ ሄጄ «የልጆቼን ነገር ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ጋሼ እምቢ አሉ። «ልጆችዎን ዳኛው አያውቃቸውም። የሠሩበትን ቀን ግን ማንም ሊክደው አይችልም» አሉ። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ቀስ ይላሉ። አንድ ገጽ ተኩል ወጣ። የገባሁበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ደሞዙ፣ የወጣሁበት ቀን፣ አንቀጽ 39፣ አንቀጽ 40፣ የማስረጃ ዝርዝር። ልመና የሚባል ነገር የለበትም። ከመፈረሜ በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። «አመልካች ለ11 ዓመት ከ1 ወር በማሸጊያ ማሽን ኦፕሬተርነት ሠርታለች» የሚለው ላይ ሲደርሱ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ሥራዬ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዋጋ፦ ማመልከቻው 150 ብር፣ ኮፒው ለብቻ። የሥራ ክርክር ችሎት ከሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠይቅ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። አንዱ ደላላ «መዝገብ መክፈቻ» ብሎ 2,000 ብር ሊቀበለኝ ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር፤ ሰው ሄዶ እንዳይበሳጭ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሰኞ ጨርሶ አትሞክሩት። መብራት ሲጠፋ ፕሪንት የለም። ያኔ ጋሼ በሉክ ወረቀት በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ጽሕፈታቸው ያምራል፣ ግን ፍርድ ቤት በኮምፒውተር የተጻፈ ይፈልጋልና ሌላ ቀን መመለስ አለባችሁ። የፕሪንተሩ ቀለም አንዳንዴ ይደበዝዛል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ገጹን እዩት። የእኔ የመጀመሪያው ኮፒ ላይ ክፍለ ከተማዬን ተሳስተው ነበር፤ ያለ ክፍያ አስተካከሉልኝ። ክረምት ላይ ደግሞ ከአስፋልቱ እስከ ሱቋ ያለው ቀይ ጭቃ እግር ይይዛል። ሌላው፣ ውሸት አይጽፉም። አንድ ሰው ያልሠራበትን ትርፍ ሰዓት አስገቡልኝ ቢላቸው ወረቀቱን መልሰው ሰጡት። ጠበቃም አይደሉም፤ ችሎት አብረዋችሁ አይቆሙም። ይህን ራሳቸው አስቀድመው ይናገራሉ።

ማመልከቻውን ግንቦት 18 ቀን አስገባሁ። መጥሪያው ፋብሪካው እጅ በገባ በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። ያው የአስተዳደሩ ልጅ ነው። «ደብዳቤው ላይ ስህተት ስለነበር መጥተው ይውሰዱ» አለኝ። መጥተው ነው ያለኝ። አዲሱ ደብዳቤ ከታህሳስ 2006 ጀምሮ ይላል፣ የማሸጊያ ማሽን ኦፕሬተር ይላል። ገንዘቡን ግን እስካሁን አልከፈሉም፤ ቀጠሮው ረቡዕ ሐምሌ 9 ነው። አብረውኝ ከተቀነሱት ስምንቱ ሦስቱ የ«ጥያቄ የለኝም»ን ወረቀት ፈርመዋል። አምስቱን ወደ ጋሼ ወስጃቸዋለሁ። አንዷ ምንም የደሞዝ ቁራጭ አላስቀመጠችም፤ ጋሼ የጡረታ መዝገቧን እንድታወጣ ነግረዋት እሱን እየጠበቀች ነው።

ሱቋ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ትከፈታለች። ከ6 እስከ 8 ምሳ ነው። እሑድ ዝግ ናት። ስትሄዱ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝብርቅርቅ ቢልም ግድ የለም፣ እሳቸው ይደረድሩታል።