ስልክ ላስጠግን ሄጄ፤ ምስጋናና ጥቆማ ልጆች ላላችሁ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል የምትጠግን አንዲት ወጣት አለች። ስሜንና ስልኬን እንዳትለጥፍ ብላ ለምናኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። ሥራዋን ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ የባለቤቴ ስልክ ከልጃችን እጅ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ማሙሽ 6 ዓመቱ ነው። በዚያ ብርድ ጋቢ ውስጥ ይገባና ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ካርቱን ነው፣ ካርቱን ምን ይጎዳል እያልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ልጅቷ ስክሪኑን ቀየረችና ልትሞክረው ዩቲዩብ ከፈተች። አንድ ሰው የፕላስቲክ እንቁላል እየሰበረ ይጮኻል። እሱ ሲያልቅ ሌላ ጩኸት በራሱ ቀጠለ። ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ይሄን የሚያየው ማነው?" አለችኝ።

"ልጄ።"

"ስንት ዓመቱ ነው? እንስሳ ይወዳል?"

ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ወንበር ሳብ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አውቶፕሌይ የሚባለውን፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላውን የሚያስከትለውን ነገር፣ በራሴ ጣት እንዳጠፋው አደረገች። ከዚህ በፊት የታዩት ቪዲዮዎች የተመዘገቡበትን ዝርዝር ሰረዘች። ከዚያ ኦክቶናውትስ የሚባል ካርቱን ከራሱ ቻናል ላይ ፈልጋ አሳየችኝ። ታናሽ ወንድሟ የሚያየው እሱን ነው። "ግን ለብቻው አይስጡት፤ አብረውት ይዩ" አለችኝ። "ሲያልቅ ደግሞ 'በኛ አገርስ እንዲህ ያለ ምን አለ?' ብለው ይጠይቁት።" ለስክሪኑ ከተስማማንበት ዋጋ በላይ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

ካርቱኑን ለማታውቁት፦ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ካፒቴን ባርናክልስ የሚባል ነጭ ድብ፣ ክዋዚ የተባለ ድመት፣ ሐኪሙ ፔንግዊን ፔሶና ጓደኞቻቸው ባሕር ውስጥ ይኖራሉ። መፈክራቸው "አስስ፣ አድን፣ ጠብቅ" ነው። አንዱ ክፍል 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም የሚያገኟቸው እንስሳት በእውነተኛው ባሕር ውስጥ ያሉ ናቸው። መጨረሻ ላይ ስለዚያ እንስሳ የተማሩትን፣ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ በአጭር ዘፈን ይደግሙታል።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ማሙሽ ባሕር አይቶ አያውቅም። የሚኖረው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምን ይሠራለታል ብዬ ነበር። የጥያቄዋ ዋጋ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መስከረም ላይ እናቴን ለመጠየቅ ወደ መሐል ሜዳ ወጣን። ጣርማ በርን አልፈን ጓሳ የሚባለው ሣራማ ደጋ ላይ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። ሹፌሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ቆም አደረገልን። ማሙሽ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ሲለብስ በእጅጌው እየጠረገ፣ በዚያ ካርቱን ዜማ መዝፈን ጀመረ። "ጭላዳ! ጭላዳ! ሣር ይበላል! ገደል ላይ ያድራል! ደረቱ ቀይ ነው!" ማንም አላስጠናውም። ገደሉን ማታ እኔ ነግሬዋለሁ፤ ሣሩንና ደረቱን እዚያው በዓይኑ አይቶ ነው የጨመረው።

ቀጥሎ፣ "አባዬ፣ ቀበሮ አይበላቸውም?" አለኝ። ደግነቱ ይሄን አውቀው ነበር። የጓሳ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሀል ይገባል፣ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው መንጋው መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 ከመቶ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን 25 ከመቶ ብቻ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀሩትም ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል። ቁጥሩን ለማሙሽ አልነገርኩትም። "ጓደኛሞች ናቸው ማለት ነው?" አለኝ። "አይጣሉም" አልኩት። እስከ መሐል ሜዳ ስለዚሁ አወራን። እንዲህ ያለ መንገድ ከልጄ ጋር ሄጄ አላውቅም።

ማታ እሳት ዳር እናቴ ወሬውን ከኛ ተቀበለች። ጓሳው እንዲሁ አልተረፈም አለችው። ድሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ አገሬው ሣሩን ለዓመታት ይከልለዋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፣ ሳይፈቀድ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ማሙሽ ዝም ብሎ ሰማትና፣ "እማማ፣ እናንተም ኦክቶናውትስ ነበራችሁ?" አላት። እሷ ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ።

ስለዚህ ካርቱኑ መታየት አለበት ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ ይታይ። ጉድለት ግን አለው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ግማሹን አይሰማም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስረዳው ይፈልጋል። ነጭ ድብና ፔንግዊን አብረው ሲኖሩም ያሳያል፤ በእውነቱ ግን አንዱ በሰሜን ዋልታ፣ ሌላው በደቡቡ የዓለም ክፍል ነው የሚኖሩት። አንድ ጊዜ ደግሞ መርዝ የምትወጋ የባሕር ቀንድ አውጣ አይቶ፣ ጓሯችን ጎመን ላይ ያለችውን ቀንድ አውጣ ሲያይ እየጮኸ ሮጠ። እጁን ይዤ ወሰድኩት። ቅጠሉን ቀስ ብለን ገለጥን። ስትሄድ የምትተወውን የሚያብረቀርቅ መስመር አሳየሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሄዶ ያያታል። ብቻውን ቢያይ ኖሮ ፍርሃቱ ብቻ ነበር የሚቀርለት።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ስልካችሁ ሲሰበር ወደ እሷ ሂዱ። መናኸሪያው አካባቢ "ሴቷ ሞባይል ጠጋኝ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ስክሪኑ እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም። ስልኩን ልጅ የሚይዘው ከሆነ ዕድሜውን ንገሯት፤ ጊዜ ወስዳ ታስተካክልላችኋለች።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሙሽም የጭላዳውን ዘፈን ሊዘፍንልሽ በሚቀጥለው ሳምንት ይዤው እመጣለሁ።