ፍሬ የሌላት ፊሽካ፦ ፎክስ 40 በጎንደር ሜዳ

የሰፈር ውድድር ለሚያጫውት ዳኛ ማሊያው ቢደበዝዝ ማንም ጉዳዩ አይደለም። ካርዱም ከካርቶን ተቆርጦ ይሠራል። ፊሽካ ላይ ግን ቀልድ የለም። የቤዝቦል ዳኛ ተገላግሏል፤ በጩኸትና በእጅ ምልክት ነው የሚሠራው። እኛ ያለ ፊሽካ ባዶ ነን።

ጎንደር ውስጥ አብዛኞቻችን የጀመርነው ውስጧ ሽምብራ የምታክል ፍሬ ባላት ፊሽካ ነው። ምራቅና አቧራ ሲገባባት ፍሬዋ ትጣበቃለች። በጣም ጠንክረህ ስትነፋትም ቀጥ ትላለች። አዘዞ ላይ አንድ ጨዋታ ሳጫውት ተከላካዩ ሳጥን ውስጥ አጥቂውን ጠለፈው። ነፋሁ። የወጣው «ፍስስ» ብቻ። ልጆቹ ቀጠሉ፤ ኳሷ ተመልሳ በወዲያኛው በር ጎል ሆነች። ከዚያማ ጉድ ፈላ። እኔ ፍጹም ቅጣት ምት እላለሁ፣ እነሱ ጎላችን ይላሉ። ዳር የቆሙ አንድ አባት «አንተ ልጅ፣ ፊሽካውን ዋጥከው እንዴ?» ሲሉ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ፎክስ 40ን የሠራውም ሰው ይህ የደረሰበት ነው። ሮን ፎክስክሮፍት ካናዳዊ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክን ፍጻሜ ያጫወተ። በ1984 ብራዚል ውስጥ ሲዳኝ ፊሽካው ተጣበቀችበት፤ ፋውሉ አለፈ፤ ተመልካቹም ቀወጠው። እሱም ፍሬ የሌላት ፊሽካ ካላሠራሁ ብሎ ተነሣ። በ1987 ወጣች።

እኔ ያለችኝ ክላሲክ የሚሏት ናት። ውስጧ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አየሩ በሦስት ክፍተት ይወጣል፤ ሦስቱም ድምፃቸው ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ተደባልቀው ጆሮ ይበሳሉ። ኩባንያው 115 ዴሲቤል ይላታል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ወድቃብኝ በውሃ አለቅልቄ እዚያው ነፍቻታለሁ፤ ምንም አልሆነች። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሮጠህ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ለእሷ የቀረችህ ትንሽ አየር ትበቃታለች። ይህን በጣም ወድጄላታለሁ።

እንከን አላት። ለስለስ አድርጎ መንፋት አይሆንላትም፤ ለቀላል የእጅ ውርወራም እንደ ቀይ ካርድ ነው የምትጮኸው። ጎን ለጎን ሁለት ጨዋታ ካለና ሁለታችንም እሷን ከያዝን፣ የዚያኛው ሜዳ ልጆች በእኔ ፊሽካ ይቆማሉ። ፕላስቲኳም ጥርስ ላይ ትከብዳለች። አፏ ላይ ጎማ ያላት ዓይነት ስላለች ጥርሱን የሚያመው እሷን ይፈልግ።

ዋጋዋ ደግሞ የአንድ ጨዋታ አበል አይችላትም። ሁላችንም የአገራችን ዳኛ ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ሲመረጥ አይተን ልባችን ቢሞቅም፣ ኪሳችን ገና የሰፈር ነው። የእኔን ዘመድ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልኝ። ፎርጅዷ ግን እዚሁ ሞልታለች። አንድ ሱቅ በግማሽ ዋጋ አይቼ ስሟን በጥፍሬ ብፍቀው ተላጠ። ልሞክራት ስል ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ከነፋሃት ገዝተሃታል» አለኝ። በዚህስ እውነቱን ነው፤ የሰው ምራቅ ማን ይገዛል? ትቼለት ወጣሁ።

ለአዋቂዎች ጨዋታ ሳትሳሱ ግዟት፤ የአንገት ገመዷንም አብራችሁ ጠይቁ። ለሕፃናት ልምምድ ግን አትሆንም። ትንንሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ እዚያ አሁንም ባለ ፍሬዋን ነው የምይዘው።